ስድስቱ ሞክሼዎች

ጌጤነሽ ድግግሞሽ አትወድም። አትወድም ስላችሁ እንደ ሌላው ሰው «ኤጭ!» ብላ የምታልፈው እንዳይመስላችሁ። አንድ ስም ሁለት ቦታ ተጽፎ ካየች ደሟ ይፈላል፤ እስክሪብቶ ታነሳለች፤ ትሰርዛለች። ጉደር ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ስንቱን እንደሰረዘች እሷም አታውቀው። መምህራኑ በኦሮምኛው አክብሮት «አዴ» እያሏት፣ «ከአዴ ጌጤ እስክሪብቶ ይሰውረን» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ ግን ቀልዱን እንደ ምስጋና ነው የምትቆጥረው።

ለዚህ ጠባይዋ ምክንያት አላት። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ተማሪ የሚቀመጠው በስሙ ፊደል ተራ ነው። ታዲያ ተማሪ ሞኝ ነው? ሰነፉ የጎበዙን ስም አስመስሎ ይመዘገብና ከጀርባው ይለጠፋል። ከአምስት ዓመት በፊት አንዱ እንዲህ ያለ ጮሌ የጓደኛውን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ለራሱ አስመዝግቦ ከጌጤነሽ እጅ አመለጠ። ሲነቃበት ልጁ ከፈተና ተባረረ፤ ለጌጤነሽ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማህደሯ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ጠዋት ማታ እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምትደግመው።

እንግዲህ በ2002 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አንዲት ልጅ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ብቅ ስትል ያገኘቻት ይህችን ሴት ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የተፈታኞቹ ዝርዝር ማክሰኞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም። የጎደለ ወይም የተሳሳተ ነገር ካለ ተስተካክሎ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት አምቦ ላለው ተረካቢ ቢሮ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ ስሙ የሌለ ተማሪ የዘንድሮን ፈተና በዓይኑም አያየው።

«አዴ ጌጤ፣ ስሜ የለም» አለች ልጅቱ። አጠር ያለች፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተጣፈ ልጅ ናት።

«ስምሽ ማነው?»

«ኤቢሴ ነገራ ዲንሳ።»

ጌጤነሽ ዝርዝሩን ማየት እንኳ አላስፈለጋትም። «መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ አለሽ። ሄደሽ ደህና አድርገሽ አንብቢ።»

«እሷ እኔ አይደለሁም። እሷ የኤ ክፍሏ ናት። እኔ የኢ ክፍል ነኝ።»

ጌጤነሽ አሁን ቀና አለች። ይህ ስም ከሁለት ክፍል ኃላፊዎች ዝርዝር ላይ መምጣቱን አስታውሳለች። ልጅቱ በዓመቱ መሀል ክፍል ቀይራ ከአሮጌው ዝርዝር ሳትወጣ ቀርታ ይሆናል ብላ ነበር አንዱን የሰረዘችው። አሁን ግን ነገሩ ሌላ መሰላት። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ትዝ አላት፤ ዓይኗ ደም ለበሰ።

«ሁለት ኤቢሴ! ሁለት ነገራ! ሁለት ዲንሳ! በእኔ ላይ ነው ይህ የሚሠራው? ንገሪኝ እስቲ፣ አጠገብሽ ማንን ልታስቀምጪ ነው?»

«ማንንም። እኔ ራሴ ልቀመጥ ነው።»

«ማህደርሽን አይቻለሁ። አንድ ነው። አንድ ማህደር፣ አንድ ሰው። ጨርሻለሁ።»

መስኮቱን ዘጋችው። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ቆማ ቆማ «ካልተፈተንኩ እኮ አባቴ ወደ አገሬ ወደ ካቺሲ ይመልሰኛል፤ ትምህርቴ በዚያው ቀረ» አለች በኦሮምኛ፣ ለማንም ሳይሆን ለመስኮቱ እንጨት። ጌጤነሽ ሰምታለች። መስማቷ ይባስ አናደዳትና ወረቀቶቿን እያንገጫገጨች ሥራዋን ቀጠለች።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻውን ዝርዝር ልታስተካክል ኮምፒዩተሯን ከፈተች። ኮምፒዩተሩ ትምህርት ቤቱ ከገባ ገና አምስተኛ ወሩ ነው። ያመጣውና ያገጣጠመው ቦጂያ ነው፤ አምቦ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ ዱሮ የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ። ጌጤነሽን ሁለት ሳምንት ሲያሠለጥናት አንድ ዘዴ አሳይቷታል። ማሽኑ ከተንቀራፈፈ ኮንትሮል፣ አልት እና ዲሊት የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫን ውስጥ ማን ማን እየሠራ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ይመጣል፤ አልሠራ ያለውን ከዚያ ማስቆም ይቻላል።

የዚያን ዕለት ማሽኑ ተንቀራፈፈ ቢባል ማሞገስ ነው። አንድ ፊደል ስትመታ ፊደሉ ከአዲስ ዓለም በእግሩ የሚመጣ ይመስል ነበር። ጌጤነሽ ሦስቱን ቁልፎች ተጫነች። ዝርዝር መጣ። ዝርዝር ሲመጣላት ደግሞ ዓይኗ ምን እንደሚፈልግ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

ኤስቪሲሆስት ይላል አንዱ መስመር። ዝቅ ብሎ፣ ኤስቪሲሆስት። ከሥሩ ደግሞ ኤስቪሲሆስት። በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ስድስት!

«አሃ! ተያዝክ!» አለች ብቻዋን። «አንድ ስም ስድስት ጊዜ! ተማሪዎቹ አንሰውኝ አንተም?»

ከእያንዳንዱ ስም ጎን በማን ስም እንደሚሠራ ተጽፏል። እሷ የከፈተቻቸው ነገሮች ፊት «ጌጤ» ይላል፤ ቦጂያ ነው እንዲህ ያስመዘገባት። እነዚህ ስድስቱ ፊት ግን የእሷ ስም የለም። አንዳንዱ ላይ ሲስተም ይላል፣ አንዳንዱ ላይ ኔትወርክ ሰርቪስ፣ ሌላው ላይ ሎካል ሰርቪስ። «ሲስተም ደግሞ ማነው? እዚህ ቢሮ ሲስተም የሚባል ሠራተኛ መቼ ተቀጠረ?» አለች። ኮምፒዩተሩን በፊርማዋ የተረከበችው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው ገብቶ ሲሠራበት ዝም ብላ ልታይ ነው? ምን ቆርጧት!

አንዱን መረጠችና ማስቆሚያውን ተጫነች። ማሽኑ «እርግጠኛ ነሽ?» ዓይነት ጥያቄ ጠየቃት። እንደ እሷ እርግጠኛ ሰው በምዕራብ ሸዋ አልነበረም። ተጫነችው። ወዲያው ከታች ያለው ያማረ ሰማያዊ መስመር ጠፍቶ ገጹ ሁሉ አመድ መሰለ። «ሌባ ሲያዝ እንዲህ ነው፤ ቀለሙ ይገረጣል» አለችና ወደ ሁለተኛው አለፈች።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። ሁለተኛውን ስታስቆም ገጹ መሀል ላይ አንድ ሳጥን ዱብ አለ። ማሽኑ ሊዘጋ ነው፣ የያዝሽውን ሥራ አስቀምጪ ይላል፤ ከሥሩ ስድሳ ይልና ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሃምሳ ዘጠኝ። ሃምሳ ስምንት።

«ኧረ በስመ አብ! ኧረ ማርያም ድረሽ!» ጌጤነሽ ሳጥኑን ለመዝጋት ሞከረች፤ አይዘጋም። የሰረዘችውን ልትመልስ ፈለገች፤ መመለሻ የለውም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት። ዝርዝሩን ሴቭ ስታደርግ ቆጣሪው አሥራ ሦስት ላይ ደርሶ ነበር። ዜሮ ሲል ማሽኑ ድርግም አለ።

ገደልኩት ብላ ስታስብ ማሽኑ በራሱ ተነሣ። ሰማያዊው መስመር ተመለሰ፣ ዝርዝሩም ተገኘ፤ «ተመስገን!» ብላ አማተበች። ቀስ ብላ እነዚያን ሦስት ቁልፎች ተጫነች። ስድስቱም፣ አንድ ሳይጎድልባቸው፣ በቦታቸው ቁጭ ብለዋል። በዚህ ጊዜ ስልኳን አወጣች።

«ቦጂያ፣ ያመጣህልን ማሽን በሌባ ተወሯል» አለች፣ ሰላምታውንም ሳታስቀድም።

«አካም ጂርቱ አዴ ጌጤ፣ እኔም ደህና ነኝ» አለ ቦጂያ እየሳቀ። «ምን ሆነ?»

ነገረችው። አንድ ስም ስድስት ጊዜ ማግኘቷን፣ ሁለቱን መስረዟን፣ ማሽኑ ስድሳ ቆጥሮ መሞቱን። ሞቶ መነሣቱንም አልደበቀችም። ቦጂያ አልሳቀም፤ ቁልፍ ሲመታ በስልኩ ተሰማት።

«የእኔንም ከፍቼ እያየሁ ነው። እኔ ጋ ሰባት ናቸው።»

«ውይ! አንተንም ገብቶብሃል?»

«ማንም አልገባብኝ። ይሄ የታወቀ ነገር ነው አዴ ጌጤ፤ ደህና ማሽን ሁሉ ላይ አለ። አምስትም ስድስትም ከዚያም በላይ ይሆናል። ይልቅ አንድ ነገር ላሳይዎት።» ከላይ ካሉት ምርጫዎች አንዱን አስከፈታትና ፒአይዲ የሚል ነገር ላይ ምልክት አስደረጋት። ከየስሙ ጎን መለያ ቁጥር ተደረደረ። «እስቲ የስድስቱን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

«ስምንት መቶ አርባ አራት» አለች ጌጤነሽ መነጽሯን ወደ ላይ እየገፋች። «ዘጠኝ መቶ ሃያ። አንድ ሺህ አሥራ ስድስት። አንድ ሺህ ስድሳ አራት…» እስከ ስድስተኛው አነበበች።

«ከነሱ ውስጥ ሁለት ቦታ የተደገመ ቁጥር አለ?»

«የለም።»

«አዩ! አንድ ሰው ስድስት ቦታ ተጽፎ አይደለም። ስድስት ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ኔትወርኩን ይጠብቃል። አንዱ ድምፁንና የገጹን መልክ ይይዛል፤ ለዚህ ነው ሲሰርዙት የገረጣብዎት። አንዱ ደግሞ ሌሎቹ የሚነጋገሩበትን ሥራ ነው የሚሠራው፤ እሱን ሲያስቆሙት ማሽኑም አብሮ ወደቀ። ሁሉንም አንድ ላይ ቢያጭቋቸው አንዱ ሲታመም ሁሉም ይተኛል፤ ስለዚህ ነው ለየብቻ ያደረጓቸው። ሲስተም የሚባለውም ማሽኑ ራሱ ነው፤ እርስዎ ሳያዙት የሚሠራው ሥራ አለው።»

«ታዲያ ለየራሳቸው ስም ቢያወጡላቸው ምን ነበረበት?»

«ሞክሼ ናቸዋ! ሞክሼ መሆን ወንጀል ነው?»

ጌጤነሽ ግን፣ መቼም ጠባይዋ ነው፣ «እና እውነተኛ ሌባ በዚያ ስም ቢገባስ?» አለች።

«ሊገባ ይችላል፤ መጠርጠርዎ ክፉ አይደለም። ግን ስሙን አይተው አይፍረዱ። የት ነው የሚኖረው ብለው ይጠይቁ። ሲስተም ሠላሳ ሁለት የሚባል ፎልደር አለ፤ የእነዚህ ቤት እሱ ነው። ከዚያ ውጪ የሚኖር ከተገኘ ያን ጊዜ ይደውሉልኝ፤ መጥቼ አብረን እናባርረዋለን። ማሽኑ የተንቀራፈፈው ደግሞ ሚሞሪው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቫይረስ ፈላጊው ሲሠራ ይከብደዋል። ግማሽ ሰዓት ይታገሡት። እነዚያን ምስኪኖች ግን ቁጥራቸውን ሳያዩ፣ ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ አይግደሏቸው።»

ስልኩ ተዘጋ። ቦጂያ ስለ ማሽን ነው የተናገረው፤ ጌጤነሽ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነው። ቁጥራቸውን ሳያዩ። እሷስ ትናንት ቁጥር አይታለች? ማህደሩን አይቻለሁ ብላ መስኮት የዘጋችው፣ ክፍት ማህደር አይታ ነው ወይስ መደርደሪያ ላይ ጀርባውን?

ብድግ ብላ የኤቢሴ ነገራ ዲንሳን ማህደር አወጣች። ወፍራም ነው። አንድ ልጅ ይህን ያህል ወረቀት ከየት ታመጣለች ብላ እስከዛሬ አልጠየቀችም። ሁለት የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት አገኘች። ትናንት ቢሆን ሁለተኛውን ምትክ ወይም ኮፒ ነው ብላ ታልፈው ነበር። አሁን የመፈተኛ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጋ አነበበች፤ አይገናኙም። አንደኛው አምቦ የተሰጠ ነው፣ ሁለተኛው ካቺሲ። ከሥራቸው ደግሞ ታጥፎ የተቀመጠ የዝውውር መሸኛ ወጣ፤ ከካቺሲ፣ መስከረም ላይ የመጣ። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከነባር ማህደሯ ጋር ይያያዝ» ተብሎ ተጽፎ ተፈርሞበታል።

ፊርማው የራሷ ነው። የምዝገባ ሰሞን ግርግር ላይ አዲስ የመጣችውን ልጅ ከነባሯ ማህደር ውስጥ የወሸቀቻት እሷ፣ «አንድ ማህደር፣ አንድ ሰው» ብላ የፈረደችባትም እሷ። የገዛ ጥፋቷን ማስረጃ አድርጋ ልጅቱን ሌባ አለቻት። አፈር በበላሁ አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ማህደሩን መልሳ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ትችል ነበር። ማንም አያውቅባትም። ከእሷ የባሰ ጥፋት አጥፍተው እንዲያ ያደረጉ ስንት አሉ! ጌጤነሽ ግን ማህደሩን ብብቷ ሥር አደረገችና ወደ አሥረኛ ኢ ክፍል እየተጣደፈች ወረደች። የልጅቱ ስም በዝርዝሩ ላይ መጨመሩ ብቻ አይበቃም፤ ፎቶ ያለበት ፎርም መሙላትና በእጇ መፈረም አለባት። ጊዜው ደግሞ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ነው።

የክፍሉ ኃላፊ «ዛሬ አልመጣችም» አለ። የት እንደምትኖር አያውቅም። አንድ ሁለት ተማሪ ተጠየቀ፤ እነሱም አያውቁም፤ ልጅቱ አዲስ ናት፣ ዝምተኛ ናት። ጌጤነሽ ግራ ገብቷት ወደ ኤ ክፍል ሄደችና ሌላኛዋን ኤቢሴን አስጠራች። ይህችኛዋ የጉደር ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፏ የማያርፍ።

«ሞክሼዬን ነው?» አለች ገና ስትጠየቅ። «አውቃታለሁ እንጂ! የቤተ መጻሕፍት ካርዷ እኔ ጋ መጥቶ ነው የተዋወቅነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው የተከራየችው። ስሟን ሰረዙት አይደል?»

«ታውቂ ነበር? ታዲያ መጥተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እርስዎን ደፍሮ ማን ይነግራል?»

ጌጤነሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመሰገነችበት መፈራት ያኔ ነው ያንገሸገሻት። «ነይ ምሪኝ» አለች ብቻ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ዱቄት የጠጣ አንድ ክፍል ቤት ነው። በሩ ክፍት ነበር። የካቺሲዋ ኤቢሴ ብርድ ልብሷን አጥፋ ማዳበሪያ ውስጥ እየከተተች ነው። ደብተሮቿ በገመድ ታስረው ከጎን ተቀምጠዋል። ነገ ጠዋት ልትሄድ ኖሯል። ጌጤነሽን ስታይ ደንግጣ ተነሣች፤ ይህች ሴት እዚህም ድረስ ልትከሰኝ መጣች ብላ ሳይሆን አይቀርም።

ጌጤነሽ በሩ ላይ ቆመች። ስትመጣ መንገድ ላይ ያሰናዳችው ንግግር ነበራት፤ ሁሉም ጠፋባት።

«ልጄ» አለች፣ «ሰረዝኩሽ። ስምሽ ከሌላ ሰው ጋር ስለገጠመ፣ አንድ ወረቀት ሳልገልጥ ሰረዝኩሽ። አልፌም ሌባ አደረግኩሽ። ማህደርሽን ከሌላ ሰው ማህደር ውስጥ የከተትኩት እኔው ራሴ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልጅቱ ከጌጤነሽ ወደ ሞክሼዋ፣ ከሞክሼዋ ወደ ጌጤነሽ ተመለከተች። አንድ የቢሮ ሰው በር ላይ ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«አሁን እፈተናለሁ?» አለች።

«ነገ እስከ ስድስት ሰዓት አምቦ ከደረስን ትፈተኛለሽ። ፎቶ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ይሁን፣ እዚያው እናስነሣሻለን። እኔ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ነኝ፤ እንዳትቀሪ።» ከዚያ ማዳበሪያውን ወደ ጥግ በእግሯ ገፋ አደረገችና፣ «ይሄንንም ፍቺው፤ ብርድ ነው፤ ዛሬ ምን ለብሰሽ ልታድሪ ነው?» አለች፣ በለመደችው ቁጣ። ልጅቱ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ዓርብ ጠዋት ሚኒባሱ ጋ ሁለት ኤቢሴዎች ቆመው አገኘቻቸው።

«አንቺስ ትምህርት የለሽም?» አለቻት ረጅሟን።

«ሞክሼዬን ብቻዋን አልልካትም።»

ሦስቱም በሽንኩርት ጆንያ መሀል ተጠቅጥቀው አምቦ ገቡ። ቦጂያ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ የካቺሲዋን ኤቢሴ ነጭ ግድግዳ ላይ አቁሞ ፎቶ አነሣት፤ በወረቀት አወጣው፤ «ሳቅ በይ እንጂ፣ ፈተና አልጀመርሽም» ቢላትም ልጅቱ ሳቁ ሊመጣላት አልቻለም። ፎርሙ እዚያው ተሞላ፣ ተፈረመ። ዝርዝሩም እንደገና ታተመ፤ አራት መቶ አሥራ ሦስት ስም። ቢሮው ሲደርሱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ተማሪ ወደ ውስጥ አይገባም ተብለው ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ።

ዝርዝር የሚረከበው ኦቦ ባይሳ ይባላል። ማስመሪያውን ከስም ሥር እያደረገ፣ አንድ በአንድ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ይወርዳል። ጌጤነሽ አሠራሩን ወደደችለት፤ የእሷው ዓይነት ሰው ነው። መቶ አሥራ ሰባት ላይ ደረሰ። መቶ አሥራ ስምንት ላይ ቆመ። እስክሪብቶው መሽከርከሩን ተወ።

«ድግግሞሽ አለብዎት» አለ፣ ጫፉን ወረቀቱ ላይ እያሳረፈ።

«ድግግሞሽ አይደለም። ሁለት ልጆች ናቸው። ቁጥራቸውን ይመልከቱ» አለችና ሁለቱን ሰርተፊኬቶች ፊቱ ዘረጋች።

ኦቦ ባይሳ ገልመጥ አደረጋቸው። «ኮፒ ነው። ኮፒ ማንም ያወጣል። ስም ከነአያት አንድ ሆኖ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዓመት? ስንቱን አየሁ መሰለዎት! ይሄ ጎን ለጎን ተቀምጦ ለመኮራረጅ ነው። ይሰረዝ።»

ጌጤነሽ ሰውየው ላይ መናደድ አልቻለችም። ረቡዕ ዕለት በመስኮቱ የተናገረችውን ቃል በቃል ነው የነገራት። ይህንን ሰው በወረቀት እንደማታሸንፈው ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷንም ያን ዕለት ወረቀት ባላሸነፋት ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት አሥር ጉዳይ ይላል። እስክሪብቶው ቀይ መስመሩን ሊጀምር ነው።

ተነሣችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ኤቢሴ ነገራ ዲንሳ!» ብላ ተጣራች፣ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ።

«አቤት!» አሉ ሁለት ድምፆች፣ እኩል።

አንዷ ረጅም፣ አንዷ አጭር፣ ተከታትለው ገቡና ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ኦቦ ባይሳ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ የሁለቱንም የእናታቸውን ስም ጠየቀ። የረጅሟ እናት አስካለች ናት፣ የአጭሯ ጂቱ። የእናቶቹን ስም በዚያው በቀዩ እስክሪብቶ ከየመስመሩ ጎን ጻፈ፤ «እንዲህ ይለያሉ» አለና ማስመሪያውን ወደ መቶ አሥራ ዘጠኝ አወረደው። ገጹን ጨርሶ ማኅተሙን አሳረፈበት።

የካቺሲዋ ኤቢሴ ግን ከጠረጴዛው አልራቀችም።

«ማየት ይቻላል?» አለች ፈራ ተባ እያለች።

ኦቦ ባይሳ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረላት። ጎንበስ ብላ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈችና ቀስ እያለች፣ ከነቁጥሩ አነበበችው። «መቶ አሥራ ስምንት። ኤቢሴ ነገራ ዲንሳ።» ከዚያ ቀና ብላ ጌጤነሽን አየቻትና፣ «እኔ ነኝ» አለች።